የሸለቆው ሱቅ

ሱቅ ስንል ብዙዎቻችን ወዲያው ትዝ የሚለን ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙናና ክብሪት የሚሸጥበት ቤት ነው። ዛሬ የምናነበው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ሱቅ ነው። በዚህኛው ሱቅ የሚሸጠው ዕቃ ሰው በየቀኑ የሚፈልገው አይደለም። የሱፍ ሹራብ አለ፤ ዳንቴል አለ፤ ከቄጠማ የተጎነጎነ መስቀል አለ፤ በእጅ የተሸመነ ወፍራም ጨርቅ አለ። ገዢዎቹም አብዛኞቹ የአካባቢው ሰዎች አይደሉም፤ ከሩቅ አገር የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ሱቁ ያለው በአየርላንድ አገር ነው።

አየርላንድ በምዕራብ አውሮፓ፣ ከእንግሊዝ አገር በስተ ምዕራብ የምትገኝ ደሴት ናት። ዝናብ አይለያትም፤ ስለዚህም ሣሯ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው። በሰሜን ምዕራብ በኩል ዶኔጋል የሚባል አውራጃ አለ። ከዶኔጋልም ጫፍ፣ መሬቱ አልቆ ውቅያኖሱ ከሚጀምርበት፣ ግሌንኮለምኪል የሚባል ሸለቆ አለ። ስሙ በአገሬው ቋንቋ «የኮለምኪል ሸለቆ» ማለት ነው። ኮለምኪል በ6ኛው መቶ ዘመን የኖረ መነኩሴ ነው። ዛሬም በየዓመቱ በበዓሉ ቀን ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው በሸለቆው ውስጥ ከተተከሉት የድንጋይ ምሰሶዎች ከአንዱ ወደ ሌላው እየተጓዙ ይጸልያሉ። በአቅራቢያው ደግሞ ከባሕሩ ላይ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ የሚወጣ ገደል አለ። ለዓይን ደስ የሚል አገር ነው። ግን ያ ሁሉ ውበት ለረዥም ጊዜ እንጀራ አልሆነም።

(በዚህ ትምህርት ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሸለቆው ውስጥ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ግድግዳቸው በኖራ የነጣ ጥቂት የሣር ክዳን ቤቶች ይታያሉ። ዛሬ የሚኖርባቸው ሰው የለም። ቤቶቹ የተሠሩት የጥንቱን ኑሮ ለማሳየት ነው። አንደኛው ቤት በ18ኛው መቶ ዘመን ሰው እንዴት ይኖር እንደነበር ያሳያል፤ ሌላው የ19ኛውን፤ ሦስተኛው ደግሞ የ20ኛውን መቶ ዘመን መጀመሪያ። በየቤቱ ውስጥ ምድጃው፣ አልጋው፣ ድስቱ፣ የሱፍ መፍተያው እንደነበረ ተቀምጧል። ይህ ሁሉ ዕቃ የተሰበሰበው ከአካባቢው ሕዝብ ነው። እንግዳው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ሁለት መቶ ዓመት በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልፋል። ሲጨርስ ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያ ወደ ሱቁ ይገባል። እኛም አሁን አብረነው እንገባለን። ከመግባታችን በፊት ግን ሱቁ ለምን እንደተከፈተ ማወቅ አለብን፤ አለዚያ ዕቃውን ብቻ አይተን እንመለሳለን።

በ1841 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በደሴቲቱ 8 ሚሊዮን 200 ሺህ ያህል ሰው ነበር። አብዛኛው መሬት የጥቂት ባለ ርስቶች ነበር። ገበሬው ጭሰኛ ነው። እህሉንና ከብቱን ሸጦ ኪራይ ይከፍላል፤ እሱ ራሱ የሚበላው ድንች ነው። በትንሽ መሬት ላይ ብዙ ሰው የሚመግብ እንደ ድንች ያለ የለም። በ1845 የድንችን ቅጠልና ሥር የሚያበሰብስ በሽታ ገባ። ገበሬው ማታ ደኅና የነበረ ማሳ ጧት ጠቁሮ፣ ሸቶ አገኘው። በሽታው ደጋግሞ ተመላለሰ። እስከ 1852 ባለው ጊዜ ውስጥ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃብ ባመጣው በሽታ አለቀ። ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ደግሞ በመርከብ ተሳፍሮ ተሰደደ። በዚያው ዘመን እህልና ከብት ከአየርላንድ ወደቦች ተጭኖ ወደ እንግሊዝ ይሄድ ነበር። ይህን አይሪሾች እስከ ዛሬ አልረሱትም።

ስደቱ ከረሃቡ በኋላም አልቆመም። ልጅ ሲያድግ ወደ አሜሪካ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስኮትላንድ መሄድ እንደ ልማድ ሆነ። ዛሬ የደሴቲቱ ሕዝብ በጠቅላላው ከ7 ሚሊዮን ትንሽ ቢበልጥ ነው። ይኸውም ከ180 ዓመት በፊት ከነበረው ያንሳል ማለት ነው። በአንጻሩ በአሜሪካ ብቻ ዘሬ ከአየርላንድ ነው የሚል ከ30 ሚሊዮን የበለጠ ሰው አለ። እነዚህ ሰዎች ናቸው እንግዲህ አንድ ቀን አውሮፕላን ተሳፍረው የአያቶቻቸውን ሸለቆ ፍለጋ የሚመጡት። ሱቁ የሚጠብቀውም እነሱን ነው።

በ1951 ወደ ግሌንኮለምኪል አንድ የካቶሊክ ካህን ተመደቡ። ስማቸው አባ ጄምስ ማክዳየር ይባላል። የተወለዱት እዚያው ዶኔጋል ውስጥ ነው፤ ቀደም ሲል በእንግሊዝ አገር በአይሪሽ ስደተኞች መካከል አገልግለው ስለነበር ስደት ምን እንደሆነ በዓይናቸው አይተውታል። ሸለቆው ሲደርሱ መብራት የለም፤ የቧንቧ ውኃ የለም፤ ለወጣት የሚሆን ሥራ የለም። ሠርግ የሚደግስ ወጣት ጠፍቶ ቤቶቹ በሽማግሌዎች ቀርተዋል። ካህኑ ከመስበክ ይልቅ መቆፈር ይቀድማል አሉ መሰለን፤ መጀመሪያ ያደረጉት ሕዝቡን አስተባብረው የመሰብሰቢያ አዳራሽ መሥራት ነው። ሥራው የተሠራው ያለ ደመወዝ፣ በደቦ ነው። አይሪሾችም ደቦ አላቸው፤ በቋንቋቸው «ሜሄል» ይሉታል። ድሮ ለአጨዳ ነበር የሚጠራሩት።

ከአዳራሹ በኋላ የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። አትክልት አምርቶ የሚያሽግ ድርጅት ከፈቱ። ሽመናና የሹራብ ሥራ ጀመሩ። ሁሉም አልተሳካም። የአትክልቱ ሥራ እንደታሰበው አልዘለቀም፤ በሸለቆው ውስጥ የቆየው ዓሣ ማዘጋጀቱ ነው። አባ ማክዳየርን «ሞኝ ነው» ያሏቸውም ነበሩ፤ «ኮሙኒስት ነው» ብለው የጠረጠሯቸውም አልጠፉም። በ1967 የጥንቱን መንደር የሚያሳዩት የሣር ክዳን ቤቶች ተሠርተው ተከፈቱ። ይህም በአካባቢው ሕዝብ እጅ ነው የተሠራው። የሐሳቡ መነሻ ቀላል ነው። ፋብሪካ ወደዚህ ጥግ አይመጣም፤ ባሕሩና ገደሉ ግን አሉ፤ እናቶችም ሹራብ መሥራት ያውቃሉ። ጎብኚ ከመጣ ገንዘቡ ከሌላ ከተማ ነጋዴ እጅ ሳይገባ እዚሁ ይቅር ነው። አባ ማክዳየር በ1987 ዐረፉ፤ መንደሩና ሱቁ ግን አሁንም በሕዝቡ እጅ ይሠራሉ።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ።

ከበሩ አጠገብ የቄጠማ መስቀሎች ተሰቅለዋል። መኻላቸው አራት ማዕዘን ነው፤ አራቱ ክንዶች እንደ ንፋስ ወፍጮ ይዞራሉ። የቅድስት ብሪጂድ መስቀል ይባላል። በእነሱ አቆጣጠር ለፌብሩዋሪ 1 ቀን ቤተሰቡ ከረግረግ ቄጠማ አምጥቶ ይጎነጉነዋል፤ ቤቱን ከእሳት ይጠብቃል ብለው በበሩ ላይ ወይም በጣሪያው ሥር ያንጠለጥሉታል። ስንደዶና አክርማ ይዛ ያደገች ሴት አንድ ጊዜ ካየችው ሁለተኛውን ራሷ ትሠራዋለች። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሕፃናትም ይሠሩታል። የቅድስት ብሪጂድ በዓል ከ2023 ጀምሮ በአየርላንድ ሪፑብሊክ የሕዝብ በዓል ሆኗል።

ቀጥሎ ቀለበት አለ። ሁለት እጆች አንድ ልብ ይዘዋል፤ ከልቡም ላይ ዘውድ ተደፍቷል። ክላዳ የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር፤ ቀለበቱ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የመንደሩ የሣር ክዳን ቤቶች በ1930ዎቹ ፈርሰዋል። መንደሩ ጠፍቶ ቀለበቱ ቀረ። ከቀለበቱ አለፍ ብሎ የትናንሽ ጎጆዎች ምስል አለ። በጎጆዋ ውስጥ ከረግረግ የተቆረጠ የደረቀ አፈር ይጨሳል። አይሪሾች እንጨት ስለሌላቸው ለብዙ መቶ ዓመት ያነደዱት ይህንን ነው፤ እኛ ኩበት እንደምናነደው ማለት ነው። ሽታው ግን የሱ የብቻው ነው። ስለዚህም ከሩቅ የመጣ እንግዳ፣ አያቱ ስለነገረችው ሽታ ብሎ፣ የሚነድ አፈር ገዝቶ ወደ አገሩ ይሄዳል። ይገርማል? ለስደተኛ ልጅ ግን አይገርምም።

ዳንቴሉ በመስታወት ሥር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ዳንቴል የምናውቀው ለቤት ጌጥ ነው፤ ለጠረጴዛ፣ ለሶፋ፣ ለሬዲዮ ልብስ። በአየርላንድ ግን ዳንቴል ነፍስ አድኗል። በ1847፣ ረሃቡ ከሁሉ በከፋበት ዓመት፣ ክሎንስ በምትባል ከተማ ካሳንድራ ሃንድ የምትባል የፕሮቴስታንት ቄስ ሚስት ነበረች። ይህች ሴት አስተማሪ አስመጥታ የአካባቢው ሴቶች በኪሮሽ ዳንቴል መሥራት እንዲማሩ አደረገች። ለሥራው የሚያስፈልገው አንዲት ኪሮሽና ክር ብቻ ነው። መሬት አይጠይቅም፤ በሬ አይጠይቅም፤ በሽታ አያበሰብሰውም። ሴቶቹ ጽጌረዳውን፣ የወይን ቅጠሉን፣ ሦስት ቅጠል ያለውን የአየርላንድ ሣር ለየብቻ ይሠሩና ኋላ በቀጭን ክር ያያይዙታል። አንዱ ቤተሰብ በአንድ አበባ፣ ሌላው በሌላ አበባ የታወቀ ነበር። የተሠራው ዳንቴል በለንደንና በፓሪስ በሀብታሞች አንገትና ክንድ ላይ ይውላል፤ ከሽያጩ የሚገኘው ለሴቶቹ ቤት ምግብና ኪራይ ይሆናል። ዓይናቸውን በጨለማ ጎጆ ውስጥ እየፈጀ ያገኙት ገንዘብ ነው። ግን በልተው አደሩ። ከክሎንስ ሌላም በየገዳሙ ያሉ መነኮሳይያት ለየአካባቢያቸው ሴቶች ዳንቴል አስተምረዋል።

እንዲያም ሆኖ የእጅ ሥራ ሁልጊዜ ለሠሪው ይከፍላል ማለት አይደለም። በዚያው በዶኔጋል የሆነውን እንመልከት። ሴቶች በቤታቸው የሱፍ ካልሲ ይሠሩ ነበር። ክሩን የሚሰጣቸው ነጋዴው ነው፤ የተሠራውን የሚረከበውም ያው ነጋዴ ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ክሩን ለማምጣትና ካልሲውን ለማስረከብ ብዙ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይሄዳሉ። ደመወዛቸውም ብዙ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ ከነጋዴው ሱቅ ሻይና ስኳር ነው። የሻዩን ዋጋ ደግሞ ማን ይወስናል? ያው ነጋዴው ነዋ! ዕዳው ስለማያልቅ ወደ ሌላ መሄድ የለም። አይሪሾች እንዲህ ያለውን አራጣ አበዳሪ ነጋዴ «ጎምቢን» ይሉታል፤ ስድብ ነው።

ይህን ሰንሰለት ከቆረጡት ሰዎች አንዱ ፓትሪክ ጋላገር ነው። በልጅነቱ ትምህርት አቋርጦ ለሰው ቤት ግብርና ተቀጠረ፤ ኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በማዕድን ሥራ ላይ ዋለ። እዚያ ሠራተኞች በጋራ ያቋቋሙትን ሱቅ አየ። ወደ አገሩ ተመልሶ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ በ1906 ደንግሎ በምትባል ትንሽ ከተማ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረተ። መነሻው ማዳበሪያ በጋራ በርካሽ መግዛት ነበር። ከዚያ ሱቅ ከፈቱ፤ ለሴቶችም የሹራብና የካልሲ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ ደመወዙም በገንዘብ ሆነ። ነጋዴዎቹ ብዙ ተዋጉት። ሕዝቡ የማኅበሩን የእንግሊዝኛ ስም በትክክል መጥራት ስላቃተው «ኮፕ» ይለው ነበር፤ ጋላገርንም «ፓዲ ኮፕ» ብለው ጠሩት። ያ ማኅበር ዛሬም በደንግሎ ይሠራል። ግሌንኮለምኪል ሳይደርስ በፊት መንገዱ እንዲህ ተጠርጎ ነበር።

አሁን የሱቁን ትልቁን መደርደሪያ እንይ። ከላይ እስከ ታች ሹራብ ነው። ቀለሙ እንደ ወተት ቅባት ነጣ ያለ፤ በላዩ ላይ ገመድ የሚመስል፣ የማር እንጀራ የሚመስል፣ እንደ መሰላል የተሰባጠረ ጥልፍልፍ ያለበት። የአራን ሹራብ ይባላል። አራን ከጎልዌይ ባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ያሉ ሦስት ትናንሽ ደሴቶች ስም ነው።

ስለዚህ ሹራብ እንግዳ ሁሉ የሚሰማው አንድ ወሬ አለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከጥንት ጀምሮ የራሱ ጥልፍልፍ አለው ይባላል። ዓሣ አጥማጁ ባሕር ሲበላው፣ ሬሳው ከብዙ ቀን በኋላ ወደ ዳር ሲወጣ፣ ፊቱ ቢጠፋም በሹራቡ ጥልፍልፍ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቅ ነበር ይባላል። የሚያሳዝን ታሪክ ነው፤ ሹራብም ይሸጣል። ግን እውነት አይደለም።

ወሬው የመጣው ከቲያትር ይመስላል። ጆን ሲንግ የሚባል ጸሐፊ በ1904 ስለ አራን ደሴቶች አንድ አጭር ቲያትር ለመድረክ አበቃ። በዚያ ቲያትር ውስጥ አንድ ሰው ሰጥሞ ሬሳው በዶኔጋል ይገኛል፤ እህቱም ልብሱ ሲመጣላት ካልሲውን ታየዋለች። የካልሲውን ቋጠሮ ትቆጥራለች፤ ራሷ የሠራችው ስለሆነ ያመለጣትን ቋጠሮ ሳይቀር ታውቀዋለች። ነገሩ ይኸው ነው። ሹራብ አይደለም፤ ካልሲ ነው። የዘር ምልክት አይደለም፤ የአንዲት እህት የእጅ ስሕተት ነው። ለእኛ እንደሚመስለን እውነተኛው ታሪክ ከወሬው ይበልጥ ልብ ይነካል። ሻጮች ግን ካልሲውን ሹራብ አደረጉት፤ ስሕተቱን የዘር ሐረግ አደረጉት።

ታዲያ ሹራቡ ዕድሜው ስንት ነው? እንዲህ ያጌጠው ሹራብ የተለመደው ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ነው። በ1891 መንግሥት ለምዕራቡ ድሃ አካባቢ አንድ የልማት ቦርድ አቋቁሞ ነበር፤ ሴቶች በሹራብ ሥራ ገንዘብ እንዲያገኙ ካበረታቱት አንዱ እሱ ነው። የደሴቶቹ ሴቶች ከሌላ አካባቢ ያዩትን ጥልፍልፍ ከራሳቸው ፈጠራ ጋር አዋሐዱት። በ1930 ሙሪየል ጌሃን የምትባል ሴት በደብሊን ከተማ «የገጠር ሱቅ» የሚል ስም ያለው መደብር ከፍታ የገጠር ሴቶችን ሥራ፣ የአራንንም ሹራብ ጭምር፣ መሸጥ ጀመረች። ያ ሱቅ እስከ 1978 ድረስ ቆይቷል። በ1961 ደግሞ ክላንሲ የሚባሉ ወንድማማች ዘፋኞች እናታቸው ለኒውዮርክ ብርድ ብላ የላከችላቸውን ሹራብ ለብሰው በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀረቡ። ከዚያ በኋላ ሹራቡን የማይፈልግ ጠፋ። እናትየዋ ልጆቼን ብርድ እንዳይመታቸው ብላ ነበር፤ ያላሰበችውን ገበያ ከፈተች።

ገበያ ሲሰፋ ደግሞ ማስመሰል ይመጣል። በ1962 የታተመ አንድ ጥናት ነበር። መንግሥት የጋበዛቸው የስካንዲኔቪያ ባለሙያዎች የአየርላንድን የእጅ ሥራ ዞረው አይተው፣ ለቱሪስት የሚሸጠውን ብዙውን ነገር ዋጋ ቢስ ብለው ነቀፉት፤ የዶኔጋልን የሱፍ ጨርቅ ግን አመሰገኑ። ዛሬም ወደ አንዳንድ የደብሊን መደብሮች ብንገባ አረንጓዴ ባርኔጣ፣ አረንጓዴ መነጽር፣ ቀይ ጢም ያለው አሻንጉሊት እናያለን፤ የተሠራበት አገር ሲነበብ አየርላንድ አይደለም።

ስለዚህ ሹራቡን ከመደርደሪያው አውርደን በአንገቱ ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ፣ ከጎኑ የተንጠለጠለችውንም ወረቀት እናንብብ። እዚህ ላይ ነው ማንበብ የማያውቅ ሰው ገንዘቡን የሚበላው። «በእጅ የተሠራ» የሚል ከሆነ አንዲት ሴት ሁለት የሹራብ መሥሪያ ዘንግ ይዛ ሳምንታት ቆይታበታለች ማለት ነው። «በእጅ መኪና የተሠራ» የሚል ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ መኪናው በሰው እጅ ይንቀሳቀሳል እንጂ ቋጠሮውን የሚሠራው መኪና ነው፤ ሥራውም በጣም ፈጣን ነው። ሁለቱም «በእጅ» የሚል ቃል ስላላቸው ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። ሦስተኛው «በአየርላንድ የታቀደ» የሚለው ነው። ይህ ሐሳቡ በአየርላንድ ታስቧል ይላል፤ ሹራቡ የት እንደተሠራ ግን አይናገርም። ውሸት አልተጻፈም፤ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ የጎደለውን ነገር ማየት የአንባቢው ፈንታ ነው።

ክሩስ? ተራራው ላይ በጉ ይታያል፤ እንግዳውም ሹራቡ ከዚያ በግ የመጣ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ አይደለም። የአየርላንድ ተራራ በግ ጠጉሩ ሻካራ ስለሆነ ለምንጣፍ ነው የሚመረጠው። ለስላሳው ክር የሚመጣው ሜሪኖ ከሚባል በግ፣ አብዛኛውን ከባሕር ማዶ ነው። ከ2020 ወዲህማ የአገሬው ሱፍ ዋጋ ወድቆ፣ ገበሬው በጉን ለመሸለት የሚከፍለው ሱፉን ሸጦ ከሚያገኘው በልጦበታል። ሱፉን የሚጥሉትም አሉ። የሱፍ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሱፍ ዋጋ ማጣቱ ለእኛ ለመረዳት ያስቸግራል፤ ግን እንዲህ ነው።

እስቲ አሁን ሂሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለትምህርት ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንዲት ሴት አንድ ሹራብ በእጇ ለመጨረስ 60 ሰዓት ይፈጅባታል እንበል። ሱቁ ሹራቡን በ200 ዩሮ ይሸጠዋል። ክሩ 50 ዩሮ ያወጣል። ሱቁ ለኪራይ፣ ለመብራትና ለሻጭ ደመወዝ 70 ዩሮ ያስቀራል። ለሴትየዋ የሚተርፋት ስንት ነው? 80 ዩሮ ነው። 80 ለ60 ሲካፈል በሰዓት 1 ዩሮ ከ33 ሳንቲም ይሆናል። በ2025 በአየርላንድ ሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 13 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነበር። በዚህ ልክ ይከፈላት ቢባል ጉልበቷ ብቻ 810 ዩሮ ይመጣል፤ ክሩ ሲጨመር 860 ዩሮ ነው፤ የሱቁ ድርሻ ገና አልተነካም። በዚህ ዋጋ ማን ይገዛል?

እንግዲህ በእጅ የሚሠራ ሹራብ ለምን እየጠፋ እንደሄደ ምክንያቱ ይኸው ነው። ወጣቷ አትሠራውም፤ ብትሠራም ለልጇ እንጂ ለሱቅ አትሠራውም። የሚሠሩት አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው፤ እነሱም ለገንዘቡ ሳይሆን እጃቸው ዝም ማለት ስለማይችል ነው። ሱቁ መኪናውን ቢከለክል መደርደሪያው ባዶ ይቀራል። መኪናውን ብቻ ቢይዝ ደግሞ እንግዳው ሦስት ባሕር አቋርጦ የመጣበት ነገር የለም። በእኛ አስተያየት ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም ለየብቻ ደርድሮ፣ በእጅ የተሠራውን ዋጋውን ከፍ አድርጎ፣ የሠሪዋን ስም ጽፎ ማንጠልጠል ነው። አንዳንድ ሱቆች እንዲህ ያደርጋሉ። በ2023 የአውሮፓ ኅብረት እንደ ጨርቅና እንደ ሸክላ ያሉ የእጅ ሥራዎች የተሠሩበትን አካባቢ ስም በሕግ እንዲያስከብሩ የሚፈቅድ ደንብ አውጥቷል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ጥበቃ በኅብረቱ ደረጃ ለምግብና ለመጠጥ ነበር። ስሙ ከተጠበቀ በሌላ አገር ተሠርቶ በዚያ ስም መሸጥ ይከለከላል። የሠሪዋን ሰዓት ግን ሕጉ አይከፍልላትም።

በግሌንኮለምኪል አንድ ሌላ ነገርም በጎብኚ ገንዘብ ላይ ቆሟል፤ ቋንቋው። ሸለቆው የአየርላንድ ጥንታዊ ቋንቋ ከሚነገርባቸው ጥቂት አካባቢዎች አንዱ ነው። በ1984 ለጎልማሶች ቋንቋውን የሚያስተምር ኦይጃስ ጌል የሚባል ትምህርት ቤት እዚያው ተከፈተ። ከአሜሪካም ከጀርመንም እየመጡ ይማራሉ። አያቱ ያጣውን ቋንቋ ፊደል ከመቁጠር የሚጀምር ጎልማሳ ብዙ ነው። ከትምህርት በኋላ ወደ ሱቁ ጎራ ይልና ዋጋ በአገሬው ቋንቋ ይጠይቃል፤ ይንተባተባል፤ ይስቁለታል እንጂ አይስቁበትም።

አሁን አንድ ነገር በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። አንድ ከቦስተን የመጣ ሽማግሌ ወደ ሱቁ ይገባል። አያቱ ከዚህ አገር በ17 ዓመቷ ወጥታ አልተመለሰችም። ሹራቡን ያነሳል፤ ጥልፍልፉን በጣቱ ይዳስሳል፤ ከዚያ ባለ ሱቋን ቀና ብሎ ያይና «እመቤቴ፣ ይህ የእኛ የቤተሰባችን ምልክት ነው ወይ?» ይላታል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ባለ ሱቋ እውነቱን ታውቃለች። ሹራቡ ዛሬ ካልተሸጠ ደግሞ በሸለቆው ራስ ያለችው ሠሪ ለወሩ የምትጠብቀው ገንዘብ የለም።

እናንተ ባለ ሱቋን ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ? ካነበባችሁ በኋላ ከአጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ተነጋገሩበት፤ መልሳችሁንም በአምስት መስመር ጻፉ።